ጉልቻ ቢለዋወጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት የማያውቅ አለ ብዬ አልገምትም። ሹም ተሽሮ ሹም ሲተካ እንጠቅሰዋለን፤ መሥሪያ ቤት ስሙን ሲቀይር እንጠቅሰዋለን፤ መንግሥት ሲወድቅ መንግሥት ሲነሣማ ከአፋችን አይጠፋም። ተረቱን ለፖለቲካ አገልጋይ ስናደርገው ኖረን ጉልቻውን ራሱን ረሳነው። እነዚያን ጥላሸት የለበሱ ሦስት ድንጋዮች ማለቴ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለ እነሱና ከሥራቸው ስለሚነደው ነገር ነው። ወጡን ባያጣፍጡትም መሬቱን ሲያከስሩት ኖረዋል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን የተሻገረ መንገደኛ ደጀንን፣ የትኖራን፣ ሉማሜን አልፎ ደብረ ማርቆስ ከመግባቱ በፊት አምበርን ያገኛል። የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። ብዙው ተሳፋሪ በእንቅልፍ ልቡ ነው የሚያልፋት። በበጋ ወራት ዓይኑን ገልጦ በመስኮት የሚያይ ሰው ግን ከየቤቱ ጎን ሁለት ዓይነት ክምር ያያል። አንዱ የጤፍ ጭድ ነው። ሁለተኛው ጠቆር ያለ፣ ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ ጎጆ የሚመስል፣ በሥርዓት የተደረደረ የኩበት ክምር ነው። ለክረምት የተቀመጠ ማገዶ መሆኑ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የካቲት ቀን እዚያው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ እጃቸውን እበት ውስጥ ነክረው ኩበት የሚጠፈጥፉ አንዲት እናት አገኘሁ። ገለባ ይነሰንሱበታል፣ ያሹታል፣ ድፍን አድርገው መሬት ላይ ያሳርፉታል። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ የከተማ ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ ይህ እበት ለእርሻው ማዳበሪያ ቢሆን አይሻልም ነበር?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ይሻላል እንጂ ልጄ፤ መሻሉንማ ማን አጣው? አንተ ታዲያ እንጀራውን በምን ልትጋግርልኝ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር፣ በአገራችን ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚሰብኩ ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ለዚህች አጭር ጥያቄ የሚሆን መልስ ሳይዙ ነው መንገድ የሚጀምሩት። «ቤተሰብ አካባቢውን እንዲህ እንዲህ እያደረገ ይጠብቅ» የሚል ምክር በየጊዜው እንሰማለን። ችግኝ ይተክል፣ ቆሻሻ ይለይ፣ ማገዶ ይቆጥብ። ክፋት የለውም። ነገር ግን የደጋው ቤተሰብ ማገዶ መቆጠብን የተማረው ከምክር አይደለም። እንጀራ በየቀኑ የማይጋገረው ለምን ይመስላችኋል? ምጣዱን ለማጋል የሚፈጀው እሳት ብዙ ስለሆነ፣ አንዴ ከጋለ ለሦስት ለአራት ቀን የሚሆነውን ጋግሮ መነሣት ይሻላል። ምጣዱ ሳይበርድ ቆሎው ይቆላበታል፤ በፍሙ ላይ ቡናው ይጣዳል። ይህን ሥርዓት ያወጣ ባለሙያ የለም። እናቶቻችን ናቸው። በኢትዮጵያ ቤተሰብ ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንጀራ መጋገሪያ ላይ እንደሚያልቅ ጥናቶች ደጋግመው ያሳያሉ። የታሪኩ ማጠንጠኛም ምጣዱ ነው።

እሳትና ቤተሰብ በቋንቋችንም የተሳሰሩ ናቸው። ትዳር መያዝ «ሦስት ጉልቻ መመሥረት» ነው። በሰው መሬት ላይ ተጠግቶ የሚያርሰው ደግሞ «ጢሰኛ» ይባል ነበር። መሬቱ የሌላ ነው፤ የእሱ የሆነው ከጎጆው የሚወጣው ጢስ ብቻ ነው።

የነገሥታቱ ታሪክም ቢሆን ከማገዶ ነጻ አይደለም። ትምህርት ቤት ስንማር የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ከተማ ያልነበራቸው፣ ከሠፈር ሠፈር የሚዘዋወሩት፣ ለግዛት ጥበቃና ለግብር ነው ተብለን ነበር። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው አይደለም። በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሠራዊትና አገልጋይ አንድ ቦታ ሲሠፍር ሁለት ነገር ቶሎ ያልቃል። አንዱ ስንቅ ነው፣ ሌላው እንጨት። በዙሪያው ያለው ሲመነጠር ድንኳኑ ይነቀላል። ዳግማዊ ምኒልክም ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ያው ዕዳ ተከተላቸው። ከተማዋ ከተቆረቆረች አሥራ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላት ማገዶና የቤት እንጨት ከሩቅ የሚመጣ ሆነ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ማሠራት ጀመሩ። ስሙ ራሱ ይናገራል። ቤተ መንግሥት ሊሆን የተጀመረው ሕንጻ ኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ እንጂ፣ ነገሩ እንደታሰበው ቢሄድ ኖሮ አዲስ አበባ ዛሬ ከተተዉት የነገሥታት ሠፈሮች አንዷ በሆነች።

ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገባ፤ ያስገባው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው ይባላል። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው። ይህ ዛፍ ለድሃ ቤተሰብ የተላከ ይመስል ሦስት ጠባይ አለው። ቶሎ ያድጋል፤ ከብት ቅጠሉን አይበላውም፤ ሲቆረጥ ከጉቶው ደግሞ ያቆጠቁጣል። ቤተ መንግሥቱ አበረታታ፣ ችግኝ አደለ፤ የተከለው ግን ባለ ግቢው ነው። የአዲስ አበባ የማገዶ ችግር የተቃለለው በአንድ ትልቅ የመንግሥት ደን ሳይሆን በሺህ በሚቆጠሩ ትንንሽ አጥሮች ውስጥ ነበር። ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ጎጃም ስንገባ እንፈልጋታለን።

ወደ ጎጃም ከመሻገራችን በፊት ግን አንድ የተለመደ አባባል ላንሣ። «ከመቶ ዓመት በፊት ከአገራችን መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ እንኳ አልቀረም» የሚለውን ያልሰማ አለ? በመማሪያ መጽሐፍ፣ በስብሰባ፣ በሬዲዮ ሲነገር ኖሯል። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት ይህ 40 በመቶ የተባለው ቁጥር ከልኬት የመጣ ሳይሆን ግምት ከግምት እየተቀዳ የኖረ መሆኑን አሳይቷል። የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋ በሬ የሚያርስ፣ እህል የሚዘራ አገር ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው። ይህን ማለት ደን አልጠፋም ማለት አይደለም። ቁጥሩ ሐሰት ሲሆን ታሪኩም ይጣመማል፣ ጥፋቱ ሁሉ በአያቶቻችን መጥረቢያ ላይ ይወድቃል ማለቴ ነው።

ይልቅ የተለካውን እንመልከት። ደምበጫ አካባቢ አንጀኒ የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የነበረበት ነው። ጌቴ ዘለቀ ከስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ጋር ሆኖ የዚያን አካባቢ የአየር ፎቶግራፎች አነጻጽሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ከአካባቢው 27 በመቶው የተፈጥሮ ደን ነበር። በ1982 ወደ 2 በመቶ ወረደ፣ በ1995 ደግሞ 0.3 በመቶ ሆነ። የታረሰው መሬት በዚያው ዘመን ከ39 ወደ 77 በመቶ ወጣ። አርባ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ! ይህ የአያቶቻችን ሳይሆን የእኛው ዘመን ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አምበር ጎረቤት እንምጣ። ከጮቄ ተራራ ወርዶ በደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈውን የጨሞጋን ወንዝ ተፋሰስ ወልደአምላክ በእውቀት በተመሳሳይ መንገድ አጥንቶታል፤ እሱም ከ1957 ጀምሮ እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ ነው የወሰደው። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ። በጨሞጋ በደን የተሸፈነው መሬት ቀንሶ አልተገኘም፤ እንዲያውም ጨመር ብሏል። ቁጥቋጦውና የወንዝ ዳሩ ዛፍ ተመናምኗል፤ ግን ሰው የተከለው ባሕር ዛፍ ሜዳውን ሞልቶታል። በመኪና መንገድ ተራርቀው የማይባሉ ሁለት የጎጃም ወገኖች፣ ያው ዝናብ፣ ያው ሕዝብ፣ ያው ማረሻ፤ አንዱ ደኑን ጨረሰ፣ ሌላው ተከለ።

ባሕር ዛፍ ደን አይደለም የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው። ወፍ አያርፍበትም፣ ሥሩ ሣር አያስበቅልም፣ ከጎረቤት ማሳ ውኃ ይስባል ይባላል፤ ገበሬውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ደን ማየት የፈለገ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይግባ፤ ጽዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውን፣ ዋንዛውን እዚያ ያገኘዋል። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ደን ለምጣድ አይነድም፤ መንደድም የለበትም። ሰው ግን እንጀራ ይበላል። ጥያቄው እንግዲህ «ደን ወይስ ባሕር ዛፍ» አይደለም። ምጣዱ ሥር ያለው ምርጫ «ባሕር ዛፍ ወይስ እበት» ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ነገሩ የሚገባው ስለሆነ።

ላሟ ማሳ ላይ ቃርሚያ ትበላለች፣ ቤት ስትገባ የማሳውን ጭድ ትበላለች። በሆዷ የያዘችው የማሳውን ሲሳይ ነው። እበቷ ተመልሶ ማሳው ላይ ቢወድቅ ዕዳ ተከፈለ ማለት ነው። በእኛ ደጋ ግን እበቱ ጓሮ ይሰበሰባል፣ ኩበት ይሆናል፣ ይነዳል። ሲነድ ናይትሮጅኑ በጢስ ይወጣል፤ አመዱ ውስጥ የሚቀረው ፎስፈረሱና ፖታሺየሙ ነው። አመዱ ደግሞ የት ይደፋል? ጓሮ። ለዚህ ነው የጓሮ መሬት ሁልጊዜ የሚያምርበት፣ ጎመኑ፣ ጌሾው፣ በቆሎው የሚፋፋው፤ ራቅ ያለው ማሳ ግን ዓመት በዓመት የሚገረጣው። የማሳው ለምነት በላም ሆድ ተጭኖ ወደ ማድ ቤት ይመጣል፣ በእሳት ተቀንሶ ጓሮ ይቀራል። አንድም ሰው አጥፊ ሳይሆን፣ ሁሉም ሥራውን በትጋት እየሠራ፣ አገር እንዲህ ይደኸያል።

ኬኔት ኒውኮም የተባለ የዓለም ባንክ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1984 የኢትዮጵያን ሁኔታ ተመልክቶ ይህን መንገድ በደረጃ አስቀምጦት ነበር። መጀመሪያ ሰው ከደኑ ትርፍ ብቻ ይወስዳል። ቀጥሎ ከሚያድገው በላይ ይቆርጣል። ሦስተኛው ላይ ዛፉ እየሳሳ ስለሚሄድ እበትና የሰብል ቅሪት ወደ ምድጃ ይገባል። አራተኛው ላይ ኩበት ገበያ ይወጣል፤ ከተሜው ይገዛዋል፣ ገበሬው ማሳው ላይ ከሚበትነው ሸጦ የሚያገኘው ይበልጥበታል። አምስተኛው ላይ አፈሩ ያበቃለታል። ስንቱ የደጋ ከተማ ገበያ ላይ ኩበት በጆንያ እንደሚሸጥ ያየ ሰው ስንተኛው ደረጃ ላይ እንዳለን ለማወቅ ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልገውም። ወልደአምላክም በጨሞጋ ባደረገው ሌላ ጥናት ከቤተሰብ ማገዶ ሢሶ ያህሉ ኩበት መሆኑን ጽፏል። ባሕር ዛፍ በተተከለበት፣ ይሻላል በተባለው ቦታ ማለት ነው።

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ክረምት መግቢያ ላይ የአማራ ክልል ገበሬ የፋብሪካ ማዳበሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ አቤት ሲል ሁላችንም ሰምተናል። ያ ገበሬ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ ቤቱ ውስጥ ምን ይነድ ነበር? ይህን የምለው እሱን ለመውቀስ አይደለም። የእበት ፍግ የዩሪያን ቦታ ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ ገበሬውም የቸገረው እውነተኛ ችግር ነው። ግን በአንድ እጅ ማዳበሪያ እየለመንን በሌላ እጅ ማዳበሪያ የምናነድ ሕዝብ መሆናችን ያሳስበኛል።

መንግሥታት ምን አደረጉ? ደርግ አደረገ። ይህን መካድ አይቻልም። ከ1966ቱም ከ1977ቱም ረሃብ በኋላ በምግብ ለሥራ እርከን ተሠራ፣ በየገበሬ ማኅበሩ «የሕዝብ ደን» ተተከለ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ከኢትዮጵያ ደጋ በየዓመቱ 1.9 ቢሊዮን ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቶ ነበርና ሥራው ከንቱ አልነበረም። ችግሩ ዛፉ የማን እንደሆነ ነው። የሕዝብ ነው ከተባለ የማንም አይደለም፤ ገበሬው ተክሎታል፣ ጠብቆታል፣ ግን ቅርንጫፍ ለመቁረጥ ሊቀመንበር ማስፈቀድ አለበት። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በሳምንታት ውስጥ ተበተኑ። በዚሁ በአምበር መንገድ ላይ ያለው፣ ባለሥልጣን እየመጣ የሚጎበኘው የየትኖራ ማኅበርም አልቀረም። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ በብዙ ቦታ የሕዝብ ደኑ ላይ መጥረቢያ ወረደ። ሕዝቡ ደን ጠልቶ አይደለም። ያልነበረውን ነገር ነው የቆረጠው። የጓሮውን ባሕር ዛፍ ግን የነካበት የለም።

ከዚያ በኋላም ትምህርቱ ገብቶናል ለማለት ይከብደኛል። ትግራይ ክልል እ.ኤ.አ. በ1997 በእርሻ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ መትከልን ከለከለ። በዚያው ዓመት በእኛ በኩል የአማራ ክልል መሬት እንደገና አከፋፈለ፤ መሬቱ ነገ የማን እንደሚሆን የማያውቅ ሰው ዛፍ የሚተክልበት ምክንያት የለውም። ነገሩ መለወጥ የጀመረው የይዞታ ደብተር ሲመጣ ነው። የክልሉ የመጀመሪያ ሙከራ ከተደረገባቸው ቦታዎች አንዱ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ነበር። ደብተር የያዘ ሰው የነገን ያስባል። ከደጀን እስከ ማርቆስ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ባሕር ዛፍ ሲወፍር ያየነውም ከዚያ ወዲህ ነው። አንዳንዱ እንዲያውም ከልክ አልፎ ጥሩ የጤፍ መሬት ላይ ተክሏል፤ ይህ ሌላ ጣጣ ነው። በአዊ ደግሞ የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘር እያፈራረቁ ተክለው፣ ከሥሩ እህል እየዘሩ፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ከሰል እያደረጉ ኑሯቸውን ቀይረውበታል። በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ብዙ ጉዳት አድርሷል እንጂ።

ምድጃውስ? በመጨረሻ ወደ ጉልቻው ደረስን።

ሦስት ድንጋይ ላይ ምጣድ ተጥዶ ሲጋገር አብዛኛው ሙቀት ወደ ጎን ይሄዳል፤ ከፊሉ የጋጋሪዋን ፊት፣ ከፊሉ ጣራውን ያሞቃል። ይህን ለማሻሻል በ1980ዎቹ ውስጥ የመንግሥት የገጠር ኢነርጂ ባለሙያዎች ሁለት ነገር አወጡ። አንዱ ለከሰል የሚሆነው ላቀች ነው፤ ከተሜው ቶሎ ለመደው። ሁለተኛው ለእንጀራ የሚሆነው ምርጥ ምድጃ ነው። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ ተቀርጾ የሚገጣጠም፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚያቅፍ፣ በጢሱ መውጫ ላይ ድስት የሚጣድበት ነው። በቤተ ሙከራ ሲለካ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ይቀንሳል ተባለ። ሰው ቤት ገብተው የለኩ ተመራማሪዎች ግን ቁጠባው ከዚያ ያነሰ፣ ከአምስት አንድ እጅ እስከ ሢሶ ገደማ ሆኖ አገኙት፤ ጋጋሪዋ እየለመደችው ስትሄድ እየተሻሻለ ይሄዳል። ግማሽ ባይሆንም ቀላል አይደለም። ከአሥር ጆንያ ኩበት ሁለቱ ወይ ሦስቱ ማሳ ላይ መውደቅ ይችላል ማለት እኮ ነው። ለዓይንና ለሳንባም እፎይታ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥ ጢስ እ.ኤ.አ. በ2020 ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል ይላል። በጢስ ዓይናቸው ያለቀ እናቶችን ለማግኘት ደግሞ ጄኔቫ መሄድ አያስፈልግም።

ታዲያ ምርጥ ምድጃ ለምን በየቤቱ አልገባም? ምክንያቱ ብዙ ነው። ሲሚንቶ ይወደዳል፤ በአህያ ሲጫን ይሰበራል፤ ጎጆው ጠባብ ነው፤ በክረምት ጉልቻው ቤቱንም ያሞቃል። የእኔ አስተያየት ግን ዋናው ሌላ ነው። ኩበት የሚለቅሙት፣ የሚጠፈጥፉት፣ እንጨት የሚሸከሙት ሴቶችና ሴት ልጆች ናቸው። የምድጃውን ዋጋ የሚያወጣው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ኪስ ነው። በሬ፣ ቆርቆሮ፣ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ግብር፣ ተዝካር ተቆጥሮ ሲያልቅ «የወጥ ቤት ዕቃ» መጨረሻ ላይ ይመጣል። የሴት ጉልበት በነጻ ስለሚታሰብ፣ ጉልበቱን የሚቆጥበው ዕቃ ዋጋ ቢስ ይመስላል። ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ስትጀምር የተነሣችው የገጠር ሴቶች «እንጨት ራቀን፣ ውኃ ራቀን» ከሚሉት ነበር። ችግኙን ያፈሉትም፣ ለጸደቀው ትንሽ ገንዘብ የተከፈላቸውም እነሱው ናቸው። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘችበት። እኛ ጋ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል፣ ደስ ያለኝን ያህል አንድ ነገር ከነከነኝ። ስንቱ ነው በአንዲት ጋጋሪ ስም የተተከለ?

ኤሌክትሪክ ይመጣል የሚል አንባቢ ይኖራል። መጥቷልም። ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል። አምፖል ለማብራት የተዘረጋ የገጠር መስመር የመንደሩ ሴቶች ሁሉ በአንድ ጠዋት ምጣድ ቢሰኩበት አይችለውም። ምጣዱም ሽቦውም ገንዘብ ነው። ስለዚህ ለብዙ ዓመት ገና ጉልቻና ምርጥ ምድጃ፣ ኩበትና ጭራሮ ከእኛ ጋር ናቸው። ደግሞም የጎጃም አፈር የሚታጠበው ወዴት ነው? ወደ ዓባይ። ዓባይ ደግሞ አሁን ቆሞ የሚጠብቀው ግድብ አለው። እርጥበት የሚይዝ ፍግ ያጣ መሬት በክረምት ዝናብ ይላጣል፤ የተላጠው ሄዶ በግድቡ ሐይቅ ሥር ይተኛል። የአምበር ምድጃ ከጉባ ተርባይን ጋር ምን አገናኘው የሚል ሰው ቢኖር በሐምሌ የጨሞጋን ውኃ ቀለም ሄዶ ይይ።

ወደ እኒያ እናት ልመለስ። መልስ አጥቼ ዝም ስል አዘኑልኝ መሰለኝ፣ እጃቸውን በገለባ ጠርገው ቡና ካላፈላሁ አሉ። ጓሮው በኩል ዞረን ስንገባ፣ ቁመቱ የሚያስጎመጅ፣ በመስመር የተተከለ ባሕር ዛፍ አየሁ። ደስ አለኝ፤ ለጥያቄያቸው መልስ ያገኘሁ መሰለኝ።

«ይኸው እማማ፣ ማገዶ አለዎት እኮ!»

ሳቁ። «እሱማ ገንዘብ ነው» አሉኝ። «ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት፣ ቆርቆሮው የሚገዛበት። ግንዱ ለመኪና ነው። ቅጠሉና ጭራሮው ለኔ ነው።»

«ማን እንዲያ ብሎ ከፈለው?»

«ማን ይከፍለዋል? እንዲያው ነው እንጂ።»

ቡናው በኩበት እሳት ፈላ፤ ጥሩ ቡና ነበር። ስለ ምርጥ ምድጃ ጠየቅኋቸው፤ ከጎረቤት አይተውታል፣ ወደውታል። «ሰውዬው ዘንድሮ ግንዱን ሲሸጥ እንጠይቀዋለን» አሉ፤ ሰውዬው ያሉት ባለቤታቸውን ነው። ስወጣ ከአስፋልቱ ዳር አንድ አይሱዙ ቆሞ ግንድ ይጫንበት ነበር። ወደ አዲስ አበባ ነው የሚሄደው፣ ለአንድ ሕንጻ መወጣጫ። ሁለት ትንንሽ ልጃገረዶች ከመኪናው ሥር የወደቀውን ልጣጭ በነጠላቸው ይለቅሙ ነበር።